ዝናብ የሚዘንብበት ፊልም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ወጥና ስለ እንጀራ አይደለም፣ ስለ ፊልም ነው። ግን አትደንግጡ፤ አጥንትም፣ ቡናም፣ አቼቶም፣ አይብ የምናጠልልበት ሻሽም ስላለበት ከጓዳዬ ብዙም አልራቅሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እዚህ አገር እንደለመድነው በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። መርካቶ ሲኒማ ራስ፣ ወይም ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብታችሁ የህንድ ፊልም ስታዩ፣ ገና ከመጀመሩ ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን መስመሮች ይወርዱ ነበር። እኛ ሰፈር «ዝናብ ጣለበት» ነበር የምንለው። ተዋናይዋ በጠራራ ፀሐይ አበባ መሀል እየዘፈነች ዝናብ ይዘንብባታል። ፊልሙ ይቆረጥና መብራት ይበራል፣ ሰው ያፏጫል፣ ኦፕሬተሩ ይሰደባል፣ ተለጥፎ ሲመለስ ደግሞ ልጅቷ ከአበባው መሀል ወጥታ ሆስፒታል ተኝታ ትገኛለች። መሀል ላይ ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ያ ሁሉ ጭረት የመጣው ፊልሙ ስንት ከተማ፣ ስንት ማሽን ውስጥ ዞሮ ስለደረሰን ነው።

እና ዛሬ ልጆቻችን ያንን ጭረት ገንዘብና ጊዜ አውጥተው በእጃቸው ይሠሩታል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም ሳላይ አላምንም ነበር።

ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤቴ ሰሃን የሚያጥብ አንድ ተማሪ አለ፣ ፊልም ነው የሚያጠናው። አንድ ቀን ሥራ ከዘጋን በኋላ፣ «እትዬ፣ የድስት መፈተጊያ ሽቦና ሻሽ ልውሰድ?» አለኝ። ለምን ብለው፣ የአያቱን የሠርግ ታሪክ የዘመድ ልጆች እንዲተውኑት አድርጎ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እንዳነሳውና «በጣም አዲስ ስለሚመስል» ሊያስረጀው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ፊልሙ ውድ ነው። 100 ጫማ የምትሆነው አንዷ ጥቅል 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ያህል ብቻ ናት። እሱን ነው እንግዲህ በድስት ሽቦ የሚፈትገው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ አላስተኛኝም፣ ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ አብሬውም ሞከርኩ።

መጀመሪያ ፊልም ራሱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ልጆች ይህን ክፍል ለወላጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ፊልም ሁለት ነገር ነው። አንዱ ግልጽ የሆነ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ሌላው በላዩ የተቀባው ስስ ጄላቲን ነው። ጄላቲን ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። ቅቅል ሠርታችሁ መረቁን ፍሪጅ ውስጥ ስታሳድሩት ጠዋት እንደሚንቀጠቀጠው፣ ዘመዱ ነው። ብርሃን የሚይዙት የብር ማዕድን ቅንጣቶች እዚያ ጄላቲን ውስጥ ተዘርተው ይኖራሉ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ምስሉ ራሱ ብር ነው። በቀለም ፊልም ግን ብሩ ታጥቦ ይወጣና ሦስት ቀለም ተደራርቦ ይቀራል። እንግዲህ ፊልም ተጫረ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲኑ ተላጠ ማለታችን ነው።

የትኛው ወገን ጄላቲን እንደሆነ ለማወቅ የድሮ ባለሙያዎች ዳሩን በእርጥብ ከንፈር ይነኩት ነበር፤ የሚጣበቀው እሱ ነው። በዓይንም ይለያል፣ ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ ጄላቲኑ ደብዘዝ ይላል።

አሁን ወደ ማስረጀቱ። ከሁሉም የታወቀው ታሪክ በ1941 የወጣው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ነው። ፊልሙ ሲጀምር ባለታሪኩ ይሞትና ሕይወቱን የሚያሳይ የዜና ፊልም ይቀርባል። ያ ዜና ፊልም የውሸት ነው፣ እነሱው ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ ነገር ግን ከተለያየ ዘመን የተለቃቀመ አሮጌ ፊልም መምሰል ነበረበት። ያኔ ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ኤዲተሩ ሮበርት ዋይዝና ረዳቱ ማርክ ሮብሰን ምን አደረጉ? ፊልሙን ወለል ላይ ጎተቱት። ከዚያ ሻሽ ውስጥ አሸዋ አድርገው ፊልሙን በመሀሉ አሳለፉት። ይኸው ነው። አሸዋው በፊልሙ ርዝመት ልክ ቀጥ ብሎ ይጭራል፣ ልክ ያረጀ ማሽን እንደሚጭረው። ይህ ሮበርት ዋይዝ በኋላ ዳይሬክተር ሆኖ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ»ን የሠራው ሰውዬ ነው። ያንን የመሰለ ንጹሕ ተራራና ንጹሕ ሰማይ ያሳየን ሰው ወጣትነቱን በአሸዋ ፊልም ሲያበላሽ ነበር ለካ!

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ዉዲ አለን «ዜሊግ» የሚባል ፊልም ሠራ። ራሱን በ1920ዎቹ ከነበሩ ዝነኛ ሰዎች ጋር ቆሞ የሚያሳይ የውሸት ዶክመንተሪ ነው። ፊልም አንሺው ጎርደን ዊሊስ የዚያን ዘመን ሌንስና መሣሪያ ፈልጎ ተጠቀመ፣ ፊልሙንም ሆን ብለው ጫሩት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ጭረቱ ብቻውን አልበቃም። መብራቱ፣ ሌንሱ፣ የሰዎቹ አቋቋም ሁሉ አብሮ መሄድ ነበረበት። በርበሬ ብቻውን ወጥ አይሆንም እንደምንለው ነው። ሽንኩርቱ ካልበሰለ በርበሬው ምን ያደርጋል?

ልጁ መጀመሪያ የተማረው ነገር እኔንም የገረመኝ ነው። የሠርጉን ፊልም በመጀመሪያ በጥሩ ማሽን ወደ ዲጂታል አስገለበጠው፤ ይህን አስምሩበት፣ ዋናው ሳይቀመጥ ምንም አይነካም። ከዚያ ከኔጌቲቩ ትንሽ ቆርጦ በድስት ሽቦው ጎተት አደረገው። ሲያስገለብጠው ግን የጠበቀው ነጭ ዝናብ ጥቁር ሆኖ መጣ። ለምን? ኔጌቲቭ ላይ ሁሉም ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ጄላቲኑ ሲላጥ እዚያ ቦታ ግልጽ ይሆናል፣ ግልጹ ደግሞ ወደ ምስል ሲገለበጥ ጥቁር ይሆናል። ኔጌቲቭ ላይ የተቀመጠ አቧራ በአንጻሩ ብርሃኑን ስለሚከለክል በምስሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሲኒማ ቤት በሚታየው ኮፒ ላይ ደግሞ እንደገና ይገለበጣል፤ ጄላቲኑ ከተላጠ ነጭ፣ አቧራ ካረፈበት ጥቁር። የፕላስቲኩ ወገን ሲጫርም ሌላ ነው። ምስሉ አይላጥም፣ ጭረቱ ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ፤ ስለዚህ ኮፒው ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ የሚያውቅ ሰው አንድ አሮጌ ፊልም አይቶ፣ ይህ ጭረት ከዋናው ነው፣ ያኛው በሲኒማ ቤት የመጣ ነው ብሎ ሊለይ ይችላል። ሐኪም ጠባሳ አይቶ እንደሚናገረው።

የቀለም ኮፒ ከሆነ ይበልጥ ያስገርማል። ቀለሞቹ ተደራርበው ስለተቀመጡ ጭረቱ እንደ ጥልቀቱ ቀለሙ ይለያያል። ላይ ላዩን ከተላጠ አረንጓዴ፣ ጠለቅ ካለ ቢጫ፣ እስከ ፕላስቲኩ ከደረሰ ነጭ። እነዚያ የህንድ ፊልሞች ላይ እናይ የነበረው አረንጓዴ መስመር ይኸው ነበር ማለት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ኖርኩ።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው? ቤታችሁ ለመሞከር ብትፈልጉ ከማንም ታሪክ ጋር ያልተያያዘ፣ የሚጣል ፊልም ፈልጉ። ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ካስወገዱት የድሮ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም በርካሽ የሚሸጥ አለ። 8 ሚሊ ሜትር ለእጅ በጣም ትንሽ ነው፣ ዓይን ያደክማል። በ16 ሚሊ ሜትር አንድ ጫማ ላይ 40 ምስል አለ፣ በሰከንድ 24 ያልፋል፤ ስለዚህ ለ10 ሰከንድ 6 ጫማ ይበቃችኋል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት።

የብርጭቆ ወረቀት አለ፣ የድስት ሽቦ አለ፣ መርፌ አለ። የብርጭቆ ወረቀቱ ከባድ ነው፣ በጣም ደቃቁን ካልተጠቀማችሁ ምስሉን ጠራርጎ ይወስደዋል። ሽቦው ይሻላል፤ ሁለት ጣታችሁ መሀል ይዛችሁ ፊልሙን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በሻሽና በአሸዋው ስንሞክረው ከሁሉም እውነት የመሰለው እሱ ሆነ፤ የድሮዎቹ አልተሳሳቱም። የፈለጋችሁትን ብታደርጉ ግን ዳር ዳሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እንዳትነኩ፣ ማሽኑ የሚይዘው በነሱ ነው፣ ከተቀደዱ ነገሩ አለቀ። ሲያበቃም በለስላሳ ጨርቅ ጠርጉት፣ አሸዋ ይዞ ማሽን ውስጥ ከገባ የሰው ንብረት ያበላሻል።

ቡናማ እንዲል ከተፈለገ ጠንከር ባለ ሻይ ወይም ቡና ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጄላቲኑ ቀለሙን ይጠጣዋል። ቀዝቃዛ ይሁን! በሙቅ ውሃ ጄላቲን ምን እንደሚሆን ቅቅል የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ስለ ቡና ካነሳሁ አይቀር፣ በቡና ፊልም ማጠብ እንደሚቻል ታውቃላችሁ? ቀልድ አይደለም። በ1995 በአሜሪካ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም መምህርና ተማሪዎች ቡና ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር ሆኖ የጥቁርና ነጭ ፊልምን ምስል እንደሚያወጣ አሳዩ። ዛሬ ብዙ ሰው ቫይታሚን ሲ ይጨምርበታል። ሥራውን የሚሠራው ካፌኑ ሳይሆን ቡናው ውስጥ ያለ ሌላ አሲድ ነው። ደግነቱ የእኛን ይርጋጨፌ አይጠይቅም፤ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠው ርካሹ የዱቄት ቡና ይሻላል ይላሉ የሠሩት። ሽታው ግን! ልጁ በጓሮ በር በኩል ሲሠራው አንድ ደንበኛዬ «ቡናው አረረባችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ ለቡናዬ ስም የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን አዘግቼዋለሁ።

በረኪናም ይጠቀማሉ። በረኪና ጄላቲኑን ይበላዋል፣ ምስሉ እየቀለጠ እንደሚሄድ ይሆናል፣ ሲያዩት ያምራል። ይህ ግን የልጆች ሥራ አይደለም። ወላጅ ጓንት አድርጎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በውሃ አቅጥኖ ይሠራዋል። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በምንም ዓይነት አንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ፣ የሚያፍን መርዘኛ ጋዝ ይወጣቸዋል። ይህን በምግብ ቤቴ ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የምናገረው ነገር ነው፣ ለእናንተም ልድገመው።

ሌሎች ደግሞ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ሳምንታት ቆይቶ ሲወጣ ሻጋታውና ተሐዋስያኑ ጄላቲኑን ጋጥ ጋጥ አድርገውት ይገኛል። አጥንት አይደል? አፈር ያውቀዋል።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ከዚህ ሁሉ የሚሻል ነገር አለ። ሙሉ ጥቁር የሆነ ፊልም ፈልጋችሁ ስጧቸውና በጥፍር ወይም ጫፉ በዶለዶመ ነገር እየጫሩ ይሳሉበት። የካናዳው ኖርማን ማክላረን እንዲህ አድርጎ ጥቁር ፊልም ላይ እየጫረ የሠራው «ብሊንኪቲ ብላንክ» የሚባል አጭር ፊልም በ1955 ካን ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። አሜሪካዊው ስታን ብራኬጅ ደግሞ በ1963 ካሜራ ጭራሽ ሳይነካ የእሳት ራት ክንፍና ቅጠል በግልጽ ፕላስተር መሀል ለጥፎ ፊልም ሠርቷል፤ «ሞዝላይት» ይባላል። አምፖል ሥር ሞተው የተገኙትን የእሳት ራቶች ነበር የሰበሰበው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል፤ የእኔ የእህት ልጅ ወዲያው ሄዳ መስኮቱን ሥር ፈተሸች።

አሁን ወደ ልጁ ፊልም ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

መጀመሪያ የሠራውን ሳየው ሁሉም ቦታ እኩል ተጭሯል። ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው አሸዋ ብቻ። ሙሽራዋን ለማየት ዝናቡን በእጅ መግለጥ ያስፈልጋል። እውነተኛ አሮጌ ፊልም ግን እንዲህ አይደለም። ሲኒማ ቤት የሚሄደው ትልቁ ፊልም እየተከፋፈለ፣ 20 ደቂቃ ገደማ በሚሆን ጥቅል ነበር የሚላከው። እያንዳንዱ ጥቅል ሲጀምርና ሲያልቅ በእጅ ይነካል፣ ማሽን ውስጥ ይሰካል፣ ወለል ይነካል። ስለዚህ ጫፍና ጫፉ ይቆስላል፣ መሀሉ ደህና ይሆናል። ጥቅሉ ሊያልቅ 8 ሰከንድ ያህል ሲቀረው ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ ክብ ምልክት ብልጭ የምትለው፣ ኦፕሬተሩ ሁለተኛውን ማሽን እንዲያስነሳ ነበር፤ ዝናቡም በዚያው አካባቢ ነበር የሚበረታው። ጭረቱም ቢሆን ቁልቁል ይሄዳል፣ ከምስል ወደ ምስል ይቀጥላል፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል። አግድም የተጫረች አጭር መስመር ካያችሁ የሰው እጅ ናት። በስልክ አፕ የሚጨመረው ጭረት ደግሞ ይደጋገማል። ያቺው ጠጉር፣ ያቺው ነጥብ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ተመልሳ ትመጣለች። አንዴ ካያችኋት በኋላ ሌላ ነገር አይታያችሁም።

«ቀንሰው» አልኩት። ጨው ሲበዛ ማውጣት አይቻልም፣ ፊልም ላይም እንደዚያው ነው። እሱም ሁለተኛውን የጫፍ ጫፉን ብቻ ጎድቶ ሠራው፣ ሰርጉ የሚታይበትን መሀሉን ተወው። በጣም ተሻለ።

ከዚያ አያቱ አዩት።

እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩና፣ «ጥሩ ነው ልጄ። ግን ለምን አቧራ በአቧራ አደረግኸው?» አሉ። አሮጌ እንዲመስል ነው አላቸው። «ያኔ እኮ አሮጌ አልነበረም» አሉ። «ቀሚሴ አዲስ ነበር፣ ቤቱም በእበት ተለቅልቆ አዲስ ነበር፣ አያትህም አዲስ ጫማ አድርጎ ሲሄድ ይንቋቋ ነበር።»

ልጁ መልስ አጣ፣ እኔም አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ልጆቻችን የድሮዋን ኢትዮጵያ የሚያዩት በተጫረ ፊልም ነው። ንጉሡ በ1936 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲናገሩ የሚያሳየው የዜና ፊልም ግራጫና የተጨማለቀ ሆኖ ነው ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው፤ አዳራሹ የተቀመጡት ሰዎች ግን በቀለም ነበር ያዩዋቸው፤ ፊልሙም ራሱ ከማጠቢያው ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ቀደም ያሉት ድምፅ አልባ ፊልሞችም ብዙዎቹ ግራጫ አልነበሩም፤ ለሌሊቱ ሰማያዊ፣ ለቤት ውስጡ ቢጫማ ቀለም እየተነከሩ ነበር የሚታዩት። ጭረቱ በኋላ የመጣ ነው፣ የእኛ ነው እንጂ የነሱ አይደለም።

የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያያችሁ ታውቃላችሁ። በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተነሳ ፊልም ነው። ያ ሻካራው፣ ጥቃቅን ነጠብጣቡ፣ የፊልሙ የራሱ ተፈጥሮ ነው። ማንም አሮጌ እንዲመስል ብሎ አላደረገውም። ልጁም ያንን ካየ በኋላ ነበር ነገሩን እንደገና ያሰበው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በ1995 በኒውዚላንድ ቴሌቪዥን «ፎርጎተን ሲልቨር» የሚባል ፊልም ታየ። ፒተር ጃክሰን፣ በኋላ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን የሠራው፣ ከኮስታ ቦትስ ጋር ሆኖ ነው ያዘጋጀው። ተረስቶ የቀረ ታላቅ የኒውዚላንድ ፊልም ሠሪ ተገኘ ይላል፣ ፊልሞቹንም ያሳያል። ሰውዬው በጭራሽ የለም፣ አሮጌዎቹ ፊልሞች ሁሉ እነሱ የሠሯቸው ናቸው። ብዙ ሰው አመነ፣ በአገሩ ኮራ፣ ውሸት መሆኑ ሲነገር ደግሞ የተቆጣ ብዙ ነበር። እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። ለእኛ ለስደተኞቹ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአገር ይዘነው የወጣነው ፎቶ ትንሽ ነው፣ ፊልም ደግሞ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። የልጅ ልጆቻችን ሃምሳ ዓመት ቆይተው ያንን የተጫረ ሠርግ አግኝተው «ይህቺ ቅድመ አያታችን ናት» ቢሉስ? የምትታየው እኮ የአክስቱ ልጅ ናት! ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ አልኩት፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ማን እንደተወነ፣ የት እንደተነሳ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍ። ጻፈ። እማማ የተናገሩትንም በራሳቸው ድምፅ መጨረሻው ላይ አስገባው፣ ያ አስተያየት ከፊልሙ ሁሉ ይበልጣል፣ ለእኔ።

ሊያልቅ ሲል ግን የልቤን ትርታ ያቆመ ነገር መጣ። ልጁ አንድ ቅዳሜ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ፣ ውስጡ ሁለት ትንንሽ የ8 ሚሊ ሜትር ጥቅሎች። አያቱ፣ ወንዱ፣ በ1960ዎቹ ውስጥ በተዋሰው ካሜራ ያነሳቸው ናቸው። «ይሄ ቀድሞውኑ ያረጀ ስለሆነ ጥቂት በረኪና ባደርግበት በጣም ያምራል፣ ከሠርጉ ጋር ቀላቅዬ…» ይላል።

ቆርቆሮውን ከእጁ ነው የቀማሁት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ቤታችሁ ተመሳሳይ ቆርቆሮ ያላችሁ ትኖራላችሁና። የሲኒማ ፊልም ኔጌቲቭ አለው፣ አንዱ ኮፒ ቢበላሽ ሌላ ይታተማል። የቤተሰብ 8 ሚሊ ሜትር ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ የለውም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ያው ፊልም ነው ታጥቦ የተመለሰው። በእጃችሁ ያለው ብቸኛው ነው። አንድ ባለ 50 ጫማ ጥቅል 4 ደቂቃ ያህል ነው፤ የአንድ ሰው ወጣትነት በሙሉ 4 ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

ወደ ፕሮጀክተርም አትክተቱት። ፊልሙ ከደረቀና ከተኮማተረ ማሽኑ ይበጥሰዋል። መጀመሪያ አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ፕላስቲኩ መፍረስ ጀምሯል ማለት ነው፣ የሚወጣው በእርግጥም የአቼቶ አሲድ ነው። እንዲህ ያለውን ሳትቆዩ ፊልም ወደ ዲጂታል ወደሚገለብጥ ቤት ውሰዱት፣ ምስሉን በየአንዳንዱ ፍሬም ነው የሚያነሱት ወይስ ግድግዳ ላይ አብርተው ነው ብላችሁም ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ነው የሚሻለው። እሳት ይፈራል ወይ ለሚለው፣ በቀላሉ የሚቀጣጠለው ናይትሬት የሚባለው ፊልም ኮዳክ እስከ 1951 ድረስ የሠራው የሲኒማ ቤት 35 ሚሊ ሜትር ነበር። ለቤተሰብ የወጣውን 16 ሚሊ ሜትር ግን ኮዳክ ከ1923 መጀመሪያው አንስቶ በማይቀጣጠል ፕላስቲክ ነው የሠራው፣ 8ቱም እንደዚያው። 35 ሚሊ ሜትር የሆነ በጣም አሮጌ ነገር ካገኛችሁ ግን አትነካኩት፣ ባለሙያ ጥሩ።

የልጁ ሁለት ጥቅሎች ተገለበጡ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ነጭ ብቻ ነው፣ ምናልባት ካሜራው ተከፍቶ ብርሃን ገብቶበት። ሁለተኛው ላይ ግን 3 ደቂቃ ያህል አለ፤ ግቢ፣ የታሰረ በግ፣ የሚሮጡ ልጆች፣ ከዚያ አንዲት ሴት ውሃ ይዛ ትመጣና ካሜራውን አይታ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። እማማ «ይህቺማ እኔ ነኝ» አሉ። ጭረት የለበትም ማለት ይቻላል፣ ቀለሙ ብቻ ወደ ቀይ ዞሯል። ልጁ የሠራውን ፊልም ከዚያ ጋር ሊቀላቅል የነበረውን ተወና፣ 3ቱን ደቂቃ እንዳለ፣ ምንም ሳይነካ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው።

ሪሉን ደግሞ መልሰን ቆርቆሮው ውስጥ አላስገባነውም፤ አየር በሚገባበት የካርቶን ሳጥን፣ ቀዝቀዝና ደረቅ ባለ ቦታ ይቀመጥ ተባልን። ጣሪያ ሥር አይሆንም፣ ይሞቃል፤ ምድር ቤት አይሆንም፣ ይረጥባል። መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ይበቃል። አቼቶ የሸተተ ጥቅል ካላችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ ትነቱ ደህናውንም ያበላሸዋልና። በሳጥኑ ላይም በእስክሪብቶ የማን እንደሆነና የት እንደተነሳ ጻፉበት፣ የሚያውቁት ሰዎች አሁን ገና አሉ።

እስከሚቀጥለው ወር፣ ቸር ይግጠመን።